ስክሪኑና አስፋልቱ የሚጋጠሙባቸው ቦታዎች

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ምናባዊው ዓለም ከተጨባጩ ጋር ተቀላቀለ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ዓይን ላይ የሚጠለቀው ትልቅ መነጽር ነው። ዛሬ ስለ መነጽሩ የምለው ጥቂት ነው። የከተማ ሰው ሁለቱን ዓለማት በቀን ብዙ ጊዜ የሚሻገረው ምንም መነጽር ሳያደርግ ነው፦ አውቶቡሱ ስንት ደቂቃ እንደቀረው ስልኩ ላይ ሲያይ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ በካሜራው ሲያነብ፣ የባቡር ጣቢያ በር ላይ ካርዱን ሲያስነካ፣ መኪና ጠርቶ «የቆምኩት እዚህ ነው» ብሎ ካርታው ላይ ምልክት ሲያኖር።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የሚጨበጥ ነገር አለ፤ ስለዚያ ነገር የተጻፈ መዝገብም አለ። ሁለቱ የሚገናኙበትን ነጥብ በዚህ ንግግር መጋጠሚያ እለዋለሁ። አውቶቡሱም ደህና፣ ሰርቨሩም ደህና ሆኖ ተሳፋሪው ሲጉላላ ብዙ ጊዜ የላላው መጋጠሚያው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ሦስት ነገር ሊጠየቅ ይገባዋል። በስንት ሜትር ይስታል? በስንት ሰከንድ ይዘገያል? ሲላላ የሚያጠብቀው ማን ነው? ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መሐንዲሶች ቁጥር አላቸው። ሦስተኛው ሲነሳ ግን ስብሰባው ጸጥ ይላል።

ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። በ1994 ተመራማሪዎቹ ፖል ሚልግራምና ፉሚዮ ኪሺኖ በዚህ መስክ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ አንድ መስመር አሰመሩ፤ በአንደኛው ጫፍ ሙሉ በሙሉ ተጨባጭ የሆነ አካባቢ፣ በሌላው ጫፍ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራ አካባቢ፣ በመካከል ድብልቁ። በዚያው ዓመት ጃፓን ውስጥ ዴንሶ ዌቭ በተባለ ኩባንያ ማሳሂሮ ሃራና ባልደረቦቹ የመኪና መለዋወጫ ለመቆጣጠር የሚያገለግል ባለ አራት ማዕዘን ኮድ ይፋ አደረጉ፤ ዛሬ ኪውአር ኮድ የምንለው ነው። በምሁራን ዘንድ የገነነው መስመሩ ነው። መንገድ ላይ ግን ሁለቱን ዓለማት ይበልጥ ያቀላቀለው ኮዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሰማያዊዋ ነጥብ

ከሁሉም በላይ የምንታመንበት መጋጠሚያ ካርታ ላይ «እዚህ ነህ» የምትለው ሰማያዊ ነጥብ ናት። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይዞራሉ፤ እያንዳንዷም ሰዓቷንና ያለችበትን ቦታ ሳታቋርጥ ታሰራጫለች። ስልኩ መልእክቱ በመንገድ ላይ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያሰላል። ለቦታው ሦስት ሳተላይት ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን ስልኩ ውስጥ አቶሚክ ሰዓት ስለሌለ የራሱን ሰዓት ስሕተት ለማወቅ አራተኛ ያስፈልገዋል። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ናኖ ሰከንድ 30 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ የአንድ ማይክሮ ሰከንድ ስሕተት 300 ሜትር ማለት ነው። የሳተላይቶቹ ሰዓት በአንጻራዊነት ሕግ ምክንያት ምድር ላይ ካለው በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይቀድማል፤ ይህ ባይታረም ስሕተቱ በአንድ ቀን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይጠራቀም ነበር።

የአሜሪካ መንግሥት እስከ ግንቦት 2000 ድረስ ለሲቪሎች የሚደርሰውን ሲግናል ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። ያ ከተነሳ በኋላ፣ ሰማዩ ክፍት በሆነበት ሜዳ ላይ አንድ ተራ ስማርት ስልክ በ5 ሜትር ገደማ ውስጥ ቦታውን ያውቃል። ችግሩ ከተማ ሜዳ አለመሆኑ ነው።

ረጃጅም ሕንጻዎች በግራና በቀኝ በቆሙበት መንገድ ሁለት ነገር ይደርሳል። አንደኛው ነጸብራቅ ነው። ሲግናሉ መስታወት ላይ አርፎ ተመልሶ ሲደርስ መንገዱ 60 ሜትር ቢረዝም፣ ስልኩ ሳተላይቷን 60 ሜትር ይበልጥ የራቀች አድርጎ ይቆጥራታል። ሁለተኛው ስውር ነው፤ ሕንጻዎቹ በጎን በኩል ያሉትን ሳተላይቶች ሲጋርዱ፣ የሚታዩት በመንገዱ ርዝመት ፊትና ኋላ ያሉት ብቻ ይሆናሉ። በዚህ የተነሳ ስሕተቱ በመንገዱ ርዝመት ሳይሆን በወርዱ በኩል ይሰፋል። መኪና የጠራ ሰው የቆመው በግራ ሆኖ ነጥቧ በቀኝ የምትታየው ለዚህ ነው። የመንገዱን ስም በትክክል ትናገርና የእግረኛ መንገዱን ትስታለች። ሰውንና ሹፌርን የሚያጣላው ደግሞ ማዶና ማዶው ነው።

መፍትሔው ከሦስት አቅጣጫ መጥቷል። ስልኮች ከአሜሪካው ጂፒኤስ በተጨማሪ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊልዮና የቻይናውን ቤይዱ መስማት ጀመሩ፤ ሳተላይት በበዛ ቁጥር ከሕንጻዎቹ መካከል ብቅ የሚል አይጠፋም። ከ2018 ወዲህ ደግሞ ከተለመደው 1575.42 ሜጋኸርዝ ጎን 1176.45 ሜጋኸርዝንም የሚቀበሉ ስልኮች ወጡ። በዚህኛው ላይ የሚላከው ኮድ አሥር እጥፍ ስለሚፈጥን ቀጥታ የመጣውን ከተንጸባረቀው መለየት ይቀላል። ሦስተኛው ከሰማይ ወደ ምድር መውረድ ነው፤ ስልኩ በአካባቢው ያሉትን የዋይፋይ ማሰራጫዎች መለያ ቁጥር አንብቦ፣ እያንዳንዱ የት እንደሚገኝ ከተመዘገበበት የመረጃ ቋት ጋር ያመሳክራል።

የዋይፋዩ መንገድ የራሱ ጣጣ አለው። ማሰራጫው ከባለቤቱ ጋር ቤት ሲቀይር መዝገቡ ወዲያው አይከተለውም። አዲሱ ቤት ውስጥ ሌላ ማሰራጫ በብዛት ከሌለ ነጥቧ ዘላ ወደ አሮጌው ሰፈር ትሄዳለች። በሽታው ሳይታወቅ ስልኩ ብዙ ይታማል።

በነጥቧ ዙሪያ ስለምትታየው ፈዛዛ ክብም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው «ከዚህ ክብ ውስጥ አልወጣም» ማለት ይመስለዋል። በአንድሮይድ ትርጉም ግን ክቧ የ68 በመቶ እርግጠኝነት ናት። ከሦስት ጊዜ አንዱን ገደማ እውነተኛው ቦታ ከክቧ ውጭ ነው ማለት ነው። መኪና የሚልክ ወይም አምቡላንስ የሚያሰማራ ሥርዓት የሚሠራ ሰው ይህን ሳያውቅ ባይጀምር ይመረጣል።

አቅጣጫው ሌላ መጋጠሚያ ነው። ቆመን ሳለ ስልኩ ወዴት እንደዞርን የሚያውቀው በማግኔት መለኪያው ነው። ይህ መለኪያ በብረት ድልድይ፣ በመኪና አካል፣ ማግኔት ባለው የስልክ ሽፋን ይታለላል። ስልኩን በአየር ላይ የ8 ቁጥር ቅርጽ እያስያዙ ማዞር መለኪያውን ያስተካክለዋል፤ ሽፋኑ ማግኔት ካለው ግን መጀመሪያ ማውለቅ ነው። ከዚያ የሚቀለው ዘዴ በአንድ አቅጣጫ ከ10 እስከ 20 ሜትር መራመድ ነው፤ ስልኩ አቅጣጫውን ከእንቅስቃሴው ስለሚያሰላ ማግኔቱ አያስፈልገውም። ከ2019 ወዲህ ጉግል ካርታ በካሜራ የሚታየውን መንገድ ቀድሞ ከተነሱ የመንገድ ፎቶዎች ጋር እያወዳደረ አቅጣጫና ቦታን ያወጣል። ይህ ዘዴ ረጅም ሕንጻ በበዛበት ይበልጥ ይሠራል፤ ጂፒኤስ የሚደክምበት ቦታ መሆኑ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ሲጨልም፣ ዛፍ ፊቱን ሲሸፍን፣ ሕንጻ ፈርሶ ሲታደስ ግን ይጠፋበታል።

ነጥቧ ፍጹም ትክክል ብትሆን እንኳ ሌላኛው ጫፍ ይቀራል፤ መድረሻው። አድራሻ ወደ ካርታ ሲቀየር ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው የሕንጻው መሐል ላይ ነው። መንገድ መሪው ደግሞ ከዚያ ነጥብ በጣም ቅርብ የሆነውን መንገድ ይመርጣል። የሕንጻው መሐል ለጓሮው መንገድ ከቀረበ መኪናው በአጥር ተዘግቶ ጓሮ ይቆማል። ሆስፒታል፣ ትልቅ ገበያ፣ ትምህርት ቤት ሲሆን ይህ ቀልድ አይደለም። የሕንጻ አስተዳዳሪ ሊያደርገው የሚገባው ቀላል ነው፤ ምልክቱን ከጣሪያው መሐል አንስቶ በሩ ላይ ማድረግ፣ የዕቃ ማስገቢያውንና የአምቡላንስ መግቢያውን ለየብቻ ማስመዝገብ። በ2004 በተመሠረተው ኦፕንስትሪትማፕ ላይ መግቢያ በርን ለይቶ የማስመዝገቢያ ዘዴ አለ፤ ማንም ሊያስገባውም ይችላል።

የማይታይ አጥር

የቦታ አጥር የሚባለው ካርታ ላይ የተሰመረ ክልል ነው፤ ስልኩ ወይም ተሽከርካሪው ሲገባ ወይም ሲወጣ አንድ ነገር ይሆናል። የኪራይ ስኩተር ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሠራተኛ ሥራ ገባ ተብሎ ይመዘገባል፣ መተግበሪያው ማስታወሻ ይልካል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ አጥሩ ከመለኪያው ይልቅ ጠባብ ይሆናል። አንድሮይድ ለገንቢዎች የሚሰጠው መመሪያ ራዲየሱ ቢያንስ ከ100 እስከ 150 ሜትር እንዲሆን ይመክራል። ባለሙያ ያልመከረው ደንበኛ ግን «ሰው በሬ ላይ ሲደርስ» ይላል። የሚዘገይበትም ጊዜ አለ፤ መተግበሪያው ከጀርባ ሲሠራ ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል ማሳወቂያው በአማካይ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል፣ ስልኩ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ከዚያም ይበልጣል። ሰው በሰከንድ 1.4 ሜትር ያህል ይራመዳል። በ2 ደቂቃ 168 ሜትር ሄዷል። «እንኳን ደህና መጡ» የሚለው መልእክት የሚደርሰው ሰውየው ቀጣዩን መስቀለኛ መንገድ ሲያቋርጥ ነው። በዚያ ላይ አንድ መተግበሪያ በአንድሮይድ ከ100፣ በአይፎን ከ20 በላይ አጥር በአንድ ጊዜ ማስጠበቅ አይችልም። ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ለስልኩ ቅርብ የሆኑትን እየመረጠ መለዋወጥ ይኖርበታል።

የአጥሩ መስመር የሚያልፍበትም ቦታ ጥበብ ይጠይቃል። መስመሩ ከአንድ መንገድ ጎን ለጎን ከተሰመረ፣ በ10 ሜትር ስሕተት ብቻ በመንገዱ የሚያልፈው ሁሉ ይገባል ይወጣል። መስመሩ መንገዶችን እንዲያቋርጥ እንጂ እንዲታከክ አያድርጉት። መግቢያውና መውጫው አንድ መስመርም አይሁን፤ ለመግባት ጠበብ ያለ ክብ፣ ለመውጣት ሰፋ ያለ ክብ ቢሰጥ፣ ድንበር ላይ የቆመ ስልክ በየደቂቃው ገባ ወጣ አይልም። ስኩተር ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱ በአንድ ጊዜ እንዳይወድቅ ቀስ እያለ እንዲቀንስ ማድረግ ግዴታ ነው። አሽከርካሪው አጥሩን አያየውም። ከኋላው የሚመጣው መኪናም አያየውም።

ወረቀት ላይ ያለ በር

ወደ ኪውአር ኮድ እንመለስ። ርካሽ ስለሆነ ይናቃል፤ ስለሚናቅም በመጥፎ ሁኔታ ይተከላል።

የኮዱ ትንሹ መጠን በአንድ ጎን 21 ነቁጥ ነው፤ በእያንዳንዱ ደረጃ 4 እየጨመረ በ40ኛው ደረጃ 177 ይደርሳል። ሦስቱ ማዕዘን ላይ ያሉት ትልልቅ ካሬዎች ካሜራው ኮዱን በየትኛውም አቅጣጫ እንዲያገኘው ያደርጋሉ። ስሕተት የማረም አቅሙ አራት እርከን አለው፤ 7፣ 15፣ 25 እና 30 በመቶ ያህሉ ቢበላሽ ሊነበብ ይችላል። አቅሙ በጨመረ ቁጥር ግን ለመልእክቱ የሚቀረው ቦታ ያንሳል። ለምሳሌ በ15 በመቶው እርከን 26 ፊደል ያለው አድራሻ በ25 ነቁጥ ይገባል፤ 60 ፊደል ያለው ደግሞ 33 ነቁጥ ይፈልጋል። ሁለቱን በ5 ሳንቲ ሜትር ካሬ ብታትሙ የመጀመሪያው ነቁጥ 2 ሚሊ ሜትር፣ የሁለተኛው 1.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ አድራሻውን ማሳጠር ማለት ኮዱን ከሩቅ እንዲነበብ ማድረግ ማለት ነው።

መጠኑን ለመወሰን ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ልምድ አሥር ለአንድ ነው፤ ሰው 2 ሜትር ርቆ የሚቆም ከሆነ ኮዱ 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በዙሪያው 4 ነቁጥ ስፋት ያለው ባዶ ቦታ መኖር አለበት። ዲዛይነሮች «ክፍት ሆነ» ብለው መጀመሪያ የሚነጥቁት ይህንን ነው፤ ኮዱም መጀመሪያ የሚከሽፈው በዚህ ነው። ነጭ ነቁጥ በጥቁር መደብ ላይ ማተም አንዳንድ ማንበቢያዎችን ያሳውራል። ቀጭን ምሰሶ ላይ ሲጠመጠም ጎኖቹ ከእይታ ይሸሻሉ፣ በመስታወት ውስጥ ሲቀመጥ የፀሐይ ነጸብራቅ ያጠፋዋል። ሳታትሙ በፊት በሚተከልበት ቦታ፣ በሚተከልበት ቁመት፣ በቀትርና በምሽት፣ በአንድ አሮጌ ስልክ ሞክሩት።

ዋናው ብልሽት ግን ከወረቀቱ ጀርባ ነው። ብዙ ኮድ በቀጥታ ወደ ገጹ አይወስድም፤ መጀመሪያ ወደ አንድ መሸጋገሪያ አድራሻ ይሄዳል። ይህ መልካም ነው፣ ወረቀቱ ሳይቀየር መድረሻው ሊቀየር ይችላልና። ሆኖም መሸጋገሪያው የሌላ ድርጅት ከሆነና የደንበኝነት ጊዜው ካለፈ፣ በከተማው የተለጠፈው ሁሉ በአንድ ሌሊት ይሞታል። አድራሻው ለሌላ ሰው ቢሸጥ ደግሞ ከመሞት የከፋ ነው። መሸጋገሪያው በራስ ስም በተመዘገበ አድራሻ ላይ ይሁን፤ የሚታደስበትን ቀን የሚያውቁ ሰዎችም ሁለት ይሁኑ፣ አንዱ ሥራ ሲለቅ ቀኑ አብሮት እንዳይሄድ።

ሌባውም ይህን መጋጠሚያ ያውቀዋል። በክፍያ ኮድ ላይ የራሱን ተለጣፊ ይደርብበታል፤ የመኪና ማቆሚያ መክፈያዎች ላይ በብዙ አገር ታይቷል። ተጠቃሚው ጠርዙን በጥፍሩ ይሞክር፣ የሚነሳ ንብርብር ካለ ይተወው። ከዚያ ካሜራው የሚያሳየውን አድራሻ ሳይከፍት ያንብብ፤ መታየት ያለበት ከመጀመሪያው ነጠላ ዘንግ (/) በፊት ያለው ስም ነው፣ በተለይም የስሙ መጨረሻ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አጭበርባሪው እንደፈለገ ይጽፈዋል። ተካዩ በበኩሉ አጭሩን አድራሻ ከኮዱ ሥር በፊደል ያትም። ካሜራው የተሰበረበት ሰው ይጠቀምበታል፤ የተጠራጠረም ያመሳክርበታል።

በካርድ የሚከፈቱ በሮች ከዚህ ይበልጥ የታሰቡ ናቸው። ከትራንስፖርት መክፈያ ካርዶች መካከል የሆንግ ኮንግ ኦክቶፐስ በ1997፣ የጃፓን ሱይካ በ2001፣ የለንደን ኦይስተር በ2003 ሥራ ጀመሩ። ተራው ካርድ ባትሪ የለውም፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከአንባቢው የሬዲዮ መስክ ነው፣ ያውም በጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቀት ብቻ። ለዚህ ነው ካርዱን አስነክቶ ቶሎ መንጠቅ ሥራውን መሐል ላይ የሚያቋርጠው፤ ሁለት ካርድ በአንድ ቦርሳ ሲሆንም አንባቢው የትኛውን እንደሚያናግር ይጠፋዋል። በባንክ ካርድ በሚከፈልበት መሥመር ደግሞ በካርዱ ገብቶ በስልኩ መውጣት አይገባም። የባንክ ሒሳቡ አንድ ቢሆንም ስልኩ የሚያሳየው ቁጥር ከካርዱ ቁጥር የተለየ ነውና ሥርዓቱ ያልተጨረሱ ሁለት ጉዞዎች ያያል፤ ለሁለቱም ያስከፍላል።

የማይመጣው አውቶቡስ

የሕዝብ ማመላለሻ መረጃ ዛሬ በመላው ዓለም የሚጻፍበት መልክ በ2005 በአሜሪካዋ ፖርትላንድ የሕዝብ ማመላለሻ ድርጅት በትራይሜትና በጉግል ትብብር ተጀመረ። ጂቲኤፍኤስ ይባላል። ነገሩ የሚያስደንቅ ቀላል ነው፤ ተጠቅልለው የተቀመጡ ተራ የጽሑፍ ሰንጠረዦች ናቸው፦ አንዱ ፌርማታዎችን፣ አንዱ መሥመሮችን፣ አንዱ ጉዞዎችን፣ አንዱ እያንዳንዱ ጉዞ በየፌርማታው የሚደርስበትን ሰዓት፣ አንዱ የሥራ ቀናትን ይይዛል። አውቶቡሱ አሁን የት እንዳለ የሚናገረው ክፍል በ2011 ተጨመረለት።

ከአውቶቡሱ ጣሪያ እስከ ተሳፋሪው መዳፍ ያለውን መንገድ ተከተሉት። ተቀባዩ ቦታውን ያሰላል፤ በሞባይል መረብ ይልካል፤ ሰርቨሩ ቦታውን ከመሥመሩ ጋር ያዛምዳል፤ ሌላ ፕሮግራም መድረሻውን ይተነብያል፤ ትንበያው ይታተማል፤ መተግበሪያው በየተወሰነ ጊዜ ይስበዋል። በእያንዳንዱ እርምጃ ጥቂት ሰከንድ ይቀራል። በድምሩ 30 ሰከንድ ቢሆን፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶቡስ 167 ሜትር ያህል አልፏል። ተሳፋሪው «1 ደቂቃ» የሚለውን እያነበበ አውቶቡሱ ከፊቱ የሚያልፈው በዚህ ነው።

ከዚህ የከፋው ጭራሹን የሌለው አውቶቡስ ነው። ሹፌር ቀርቶ ጉዞው ሲሰረዝ፣ ስረዛውን ሥርዓቱ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ከሌለ መተግበሪያው የጊዜ ሰሌዳውን ብቻ እያየ «5 ደቂቃ፣ 3 ደቂቃ፣ ደረሰ» ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። ተገላቢጦሹም አለ፤ ሹፌሩ ጉዞውን ሲጀምር የጉዞ ቁጥሩን ሳያስገባ ከወጣ አውቶቡሱ መንገድ ላይ እያለ ስክሪኑ ላይ የለም። መሥመሩ ላይ ቁፋሮ ኖሮ አውቶቡሱ ሲዞር ደግሞ ፕሮግራሙ ቦታውን ጎትቶ የተለመደው መሥመር ላይ ያሳርፈዋል፣ ተሳፋሪውም በተዘጋ መንገድ ቆሞ ይጠብቃል። ትንበያ በጣም የሚሳሳተው መነሻ ጣቢያ አካባቢ ነው፤ የቆመ አውቶቡስ መቼ እንደሚነሳ ከእንቅስቃሴው ማወቅ አይቻልማ።

መተግበሪያዎች ብዙውን ጊዜ በቀጥታ የተለካውን ሰዓትና ከሰሌዳ የተወሰደውን በምልክት ወይም በቀለም ይለያሉ። ልዩነቱ ሊታይ የማይችል ያህል ስስ ከሆነ ያ የአቀራረብ ጥፋት ነው። በቀጥታ ያልተለካ ሰዓት «በሰሌዳው መሠረት» ተብሎ በቃል ይጻፍ።

ስክሪኑ መንገዱን ሲቀይር

እስካሁን መዝገቡ ዕቃውን ሲከተል ነው ያየነው። ዕቃው መዝገቡን የሚከተልበት ጊዜም አለ፤ ይህ ደግሞ ከስክሪን ይቀድማል። በ1930ዎቹ ጄኔራል ድራፍቲንግ የተባለ የካርታ ድርጅት ካርታው ሲሰረቅ ለማወቅ በኒውዮርክ ግዛት ውስጥ አግሎ የምትባል የሌለች ቦታ ጨመረ። በኋላ የተፎካካሪ ድርጅት ካርታ ላይ አግሎ ስትገኝ ሌብነቱ የተጋለጠ መሰለ። ነገር ግን በቦታው ላይ አንድ ሰው ካርታውን አይቶ «አግሎ» ብሎ የሰየመው ሱቅ ከፍቶ ነበር። ቦታዋ እውነት ሆናለች።

ዛሬ ይህ በደቂቃ ውስጥ ይሆናል። በጥር 2018 በኒው ጀርሲ የምትገኘው ሊዮኒያ 60 ገደማ የሰፈር መንገዶቿን በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ለነዋሪ ላልሆኑ ዘጋች፤ መንገድ መሪ መተግበሪያዎች ወደ ጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይ የሚሄደውን መኪና በጠባቦቹ መንገዶች እየላኩት ነበርና። እያንዳንዱ ሹፌር ሁለት ደቂቃ አተርፋለሁ ብሎ ይገባል፤ ሁሉም ሲገቡ ትርፉ ይጠፋል፣ ጭሱና ጩኸቱ ግን ለነዋሪው ይቀራል። መተግበሪያው የመንገዱን ፍጥነት እንጂ መንገዱ ለምን እንደተሠራ አያውቅም።

ፍጥነቱንም ቢሆን የሚያውቀው በስልኮቹ በኩል ነው። በ2020 ሲሞን ቬከርት የተባለ ሠዓሊ በርሊን ውስጥ 99 ስልክ በትንሽ የእጅ ጋሪ ጭኖ በባዶ መንገድ ቀስ እያለ ተራመደ፤ ካርታው መንገዱን ቀይ አደረገው። ካርታው መኪናም አይቶ አያውቅ፤ የሚያየው የስልክ እንቅስቃሴ ነው፣ ከዚያም ይገምታል።

በሐምሌ 2016 የወጣው፣ ስልክ ይዘው በእውነተኛ ቦታዎች እየተዘዋወሩ የሚጫወቱት ፖኪሞን ጎ ሌላ ጥያቄ አነሳ። የጨዋታው መሰብሰቢያ ነጥቦች በአብዛኛው የተወሰዱት የኩባንያው ቀዳሚ ጨዋታ ተጫዋቾች ካስመዘገቧቸው ሐውልቶችና ታዋቂ ቦታዎች ነበር። የአሜሪካ ወታደሮች የሚቀበሩበት የአርሊንግተን መካነ መቃብርና በዋሽንግተን ያለው የሆሎኮስት ሙዚየም ሰዎች በግቢያቸው እንዳይጫወቱ ጠየቁ። የቤት ባለቤቶች ያቀረቡት ክስ በ2019 በስምምነት ሲያልቅ፣ ነጥቡ ከመኖሪያ ቤታቸው በ40 ሜትር ውስጥ ከሆነ እንዲነሳላቸው የመጠየቅ መብት አገኙ። ቁጥሩን ልብ በሉት፤ ሰማዩ ክፍት በሆነበት ስልኩ ከሚስትበት ልክ በብዙ ይበልጣል።

እግረኛውንም እንዳንረሳ። በ2016 የጀርመኗ አውግስቡርግ የትራም ማቋረጫ ላይ መብራቱን መሬት ውስጥ ቀበረች፤ ዓይናቸው ስልክ ላይ ያለ ሰዎች እንዲያዩት። በ2017 የኔዘርላንዷ ቦዴግራቨን ተመሳሳይ ሞከረች። በዚያው ዓመት ሆኖሉሉ መንገድ ሲያቋርጡ ስልክ ማየትን በቅጣት ከለከለች። እኔ ወደ መብራቱ አደላለሁ፤ ቅጣት የሚሠራው ፖሊስ በቆመበት ሰዓት ብቻ ነው።

ለሚተክሉት

ሕንጻ፣ ጣቢያ ወይም አደባባይ የምታስተዳድሩ ሰዎች የመጀመሪያው ሥራችሁ ቆጠራ ነው። በእግር እየዞራችሁ እያንዳንዱን መጋጠሚያ መዝግቡ፦ ኮዱን፣ ስክሪኑን፣ የካርታ ምልክቱን፣ የብሉቱዝ አመልካቹን (መለያውን በሬዲዮ እያሰራጨ ስልኩ ያለበትን ቦታ የሚጠቁመውን ትንሽ መሣሪያ)። ከእያንዳንዱ ጎን የኃላፊውን የሥራ መደብ፣ መጨረሻ የተሞከረበትን ቀን፣ የሚያልፍበትን ቀን ጻፉ። የሥራ መደብ ያልኩት ሰው ስለሚቀየር ነው።

ስለ ብሉቱዝ አመልካቾች ለብቻው ልናገር፤ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች በር የሚያሳዩት እነሱ ናቸውና ስሕተታቸው ውድ ነው። ሞገዳቸው 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ስለሆነ የሰው አካል ይውጠዋል፤ ከጭንቅላት በላይ፣ ወደ 2.5 ሜትር ከፍታ ይሰቀሉ። በሰከንድ አሥር ጊዜ የሚጮህ አመልካች በሰከንድ አንዴ ከሚጮኸው ይልቅ ቦታን ቶሎ ያሳውቃል፤ ባትሪው ግን በፍጥነት ያልቃል። ቀለም ሲቀባ ተነቅሎ ሌላ በር ላይ የተሰቀለ አመልካች ከሞተው ይብሳል፤ የሞተው ዝም ይላል፣ የተዛወረው ግን በልበ ሙሉነት ወደ ተሳሳተ በር ይመራል። ጀርባው ላይ የክፍሉ ቁጥር ይጻፍበት። ከቀለምና ከጥገና ሥራ በኋላ ሁሉም በእግር ይፈተሹ።

ስልክ የሌለው፣ ባትሪ ያለቀበት፣ መረብ የጠፋበት ሰው የሚያነበው ነገር በቦታው ይኑር፤ የፌርማታው ስምና ቁጥር፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጉዞ ሰዓት፣ በትልቅ ፊደል። ይህ ለድሮ ሰዎች የሚደረግ ችሮታ አይደለም። ስክሪኑ ሲሳሳት ባለ ስልኩም የሚያመሳክረው በዚህ ነው።

የቅደም ተከተሉም ነገር አለ። አዲስ ፌርማታ ሲከፈት ምሰሶው ይቅደም፣ በቦታው ቆመው ነጥቡን ይለኩ፣ ከዚያ መዝገቡ ይውጣ። ሲዘጋ ግን ይገለበጣል፤ አገልግሎቱ የሚያቆምበት ቀን ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት በታተመው መረጃ ውስጥ ይግባ፣ መተግበሪያዎች አዲሱን ቅጂ የሚስቡት በየራሳቸው ጊዜ ነውና። ምሰሶው ላይም የመዝጊያው ቀንና አማራጩ ፌርማታ ይለጠፍ። ቀኑ ሲደርስ በሦስት የተለያዩ መተግበሪያዎች ፈልጉት፤ በሦስቱም ከጠፋ ምሰሶውን ንቀሉት። በአንዱ እንኳ ካለ ማስታወቂያው ከነምሰሶው ይቆይ።